ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ፦ ተማሪን የሚያሻግሩ ሰዎች

በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባለው በዋናነት የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ የመንግሥት ተቋም ነው። ዛሬ ካሉት አንጋፋው እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ግዛት፣ በጆሊየት ከተማ ተከፈተ። በሩ ለሁሉም ክፍት፣ ክፍያውም ዝቅተኛ ስለሆነ ሠራተኛውም፣ የስደተኛ ልጅም፣ ከቤተሰቡ ኮሌጅ በመግባት የመጀመሪያ የሆነውም ይማርበታል። ብዙዎቹ ሁለት ዓመት ተምረው ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር አስበው ይመዘገባሉ፤ የሚሳካላቸው ግን ከሦስቱ አንዱ ገደማ ብቻ ናቸው።

ከእንቅፋቶቹ አንዱ ክሬዲት፣ ማለትም ተማሪው ላለፈው ኮርስ የሚያዝለት ነጥብ ነው፤ አዲሱ ተቋም ካልተቀበለው ይጠፋል። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት፣ ከ2004 እስከ 2009 ከተቋም ወደ ተቋም የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ክሬዲታቸውን አጥተዋል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣችው ሕግ ለዝውውር የሚያበቃ ልዩ የሁለት ዓመት ዲግሪ ዘርግታለች። ሆኖም በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ መካከል ስምምነት በወረቀት መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ምሕንድስና ለማጥናት ያሰበች ልጅ ካልኩለስን ትታ ቀለል ያለ የሒሳብ ኮርስ ብትወስድ ስህተቷ የሚገለጥላት ከዓመት በኋላ፣ ጊዜውና ገንዘቡ ካለቀ ወዲህ ነው። በምዝገባው ቀን አጠገቧ ተቀምጦ «ይህ አይያዝልሽም» የሚላት ሰው ያስፈልጋታል። አንድ አማካሪ መቶዎችን በሚያስተናግድበት ኮሌጅ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ይህን ቀድመው ከተረዱት መካከል ፊሊክስ ጋላቪስና ፓትሪሺያ ማክግራዝ ይገኙበታል። በካሊፎርኒያው ቻቦት ኮሌጅ የላቲኖ (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሚመዘዝ) ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ ሲመረምሩ፣ ተማሪዎቹ ወደ አማካሪ እንደማይሄዱና በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጠውን የጽሕፈት ኮርስ እንደሚሸሹ አዩ። እ.ኤ.አ. በ1981 የመሠረቱት «ፑዌንቴ» የተባለው ፕሮግራም የጽሕፈት መምህሩንና አማካሪውን በአንድ ክፍል አጣመረ። ከማኅበረሰቡ የወጡ ባለሙያዎችም ለተማሪዎቹ መካሪ ሆኑ። የፕሮግራሙ ትልቁ ብልሃት ይህ ይመስለኛል፦ ተማሪው አማካሪ ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ አይዞርም፤ አማካሪው ራሱ ክፍል ውስጥ ይጠብቀዋል።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት የዋሽንግተን አካባቢ ደግሞ የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 «አድቫንስ» የተባለ የጋራ ፕሮግራም ጀምረዋል። ተማሪው ኮሌጅ እያለ የተመደበለት አማካሪ ዩኒቨርሲቲ ከገባም በኋላ አብሮት ይቀጥላል። የአሜሪካን የዩኒቨርሲቲ አሠራር በቅርብ ለማያውቅ ወላጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ልጁ እንዲማር ቢተጋም፣ የትኛው ኮርስ እንደሚያዝ ሊመክረው አይችልምና።

ድጋፉ ከዝውውሩ በኋላም ያስፈልጋል፤ የብዙ ተማሪዎች ውጤት ዩኒቨርሲቲ በገቡበት የመጀመሪያ ሴሚስተር ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ ራሱ በዚያው መንገድ ያለፈ ተማሪ የሚሰጠው ምክር ከማንም ይበልጣል። በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም ከኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ጋር በሚሠራበት ማዕከሉ በኩል፣ ቀድመው የተዛወሩ ተማሪዎቹን ገና በኮሌጅ ላሉት መካሪ አድርጎ ይመድባል።