ኮንትራስት ምንድን ነው? ቴሌቪዥን ስንመርጥ ጥቁሩን ስለማየት

ማታ የቤቱን መብራት አጥፍታችሁ ፊልም ስትመለከቱ፣ ከምስሉ በላይና በታች መቀነት መስለው የሚዘረጉትን ሁለት ጥቁር መስመሮች ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቁ ይሆን? ምስል ስለሌለባቸው ብዙ ሰው አያስተውላቸውም። እኔ ግን የአንድን ቴሌቪዥን ጥራት ለማወቅ ስፈልግ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው እነሱን ነው። በአንዳንዱ ቴሌቪዥን መስመሮቹ ከክፍሉ ጨለማ ጋር ተዋሕደው ይጠፋሉ፤ ምስሉ ብቻውን በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። በሌላው ደግሞ አመድማ ሆነው ይታያሉ፤ ድቅድቅ ጨለማ መሆን የነበረበት ቦታ ጭጋግ ይለብሳል። ይህን ልዩነት የሚፈጥረው ነገር ኮንትራስት ይባላል።

ኮንትራስት ማለት አንድ ስክሪን በሚያወጣው እጅግ ደማቅ ነጭና በሚያሳየው እጅግ ጥልቅ ጥቁር መካከል ያለው የብርሃን ንፅፅር ነው። የስክሪን ድምቀት የሚለካው ኒት በሚባል መለኪያ ነው፤ አንድ ኒት በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ካንዴላ (የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ) ማለት ነው። ነጩ 300 ኒት፣ ጥቁሩ ደግሞ 0.3 ኒት የሆነ ስክሪን ኮንትራስቱ 1,000 ለ 1 ነው። ነጩን ሳንነካ ጥቁሩን ወደ 0.1 ኒት ብናወርደው 3,000 ለ 1 ይሆናል። ጥቁሩን ትተን ነጩን ወደ 900 ኒት ብናወጣውም እዚያው ቁጥር ላይ እንደርሳለን። ሆኖም ማታ በጨለማ ክፍል ለተቀመጠ ሰው ሁለቱ መንገዶች አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ዓይንን ያሳርፋል፤ ሁለተኛው ያጥበረብራል።

ዓይናችን ብርሃንን የሚመዝነው በአጠገቡ ካለው ጋር እያነጻጸረ ነው። በቀትር ፀሐይ የበራ ሻማ መኖሩም አይታወቅም፤ ያው ሻማ በጨለማ ቤት ውስጥ ግድግዳውንም ፊትንም ጥላንም ያሳያል። ሻማው አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ጨለማ ነው። ቴሌቪዥንም እንዲሁ ነው። ጥቁሩ ጥልቅ ሲሆን ቀዩ ይበልጥ ይቀላል፣ የፊት ገጽታ ጎልቶ ይወጣል፣ ጠፍጣፋው መስታወት ወደ ውስጥ የሚያስገባ መስኮት ይመስላል። ጥቁሩ ሲፈዝ ደግሞ ቀለሞቹ ሁሉ በስስ ጭስ የተሸፈኑ ያህል ይደበዝዛሉ።

ቴሌቪዥን ሊገዛ የተነሣ ሰው ግን በአብዛኛው ስንት ኢንች እንደሆነና ፎርኬ መሆን አለመሆኑን ጠይቆ ያበቃል። ጥያቄው ስህተት የለበትም፤ መልሱ ግን የሚታሰበውን ያህል አይናገርም። ፎርኬ ስክሪን 3,840 በ2,160፣ በድምሩ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ፒክስሎች፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩ ጥቃቅን ነጥቦች፣ አሉት። ፉል ኤችዲ የሚባለው 1,920 በ1,080፣ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ነው። አራት እጥፍ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ጤናማ ዓይንም ቢሆን ጥቃቅን ነጥቦችን ለይቶ የሚያይበት ወሰን አለው። በ55 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ የፉል ኤችዲ አንድ ፒክስል ስፋት 0.63 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከ2.2 ሜትር ገደማ በላይ ርቆ የተቀመጠ ሰው እነዚህን ነጥቦች አንዱን ከአንዱ መለየት ይሳነዋል። ከዚያ ርቀት ወዲያ የፎርኬ ተጨማሪ ነጥቦች ጥቅም እየሳሳ ይሄዳል። ኮንትራስት ግን ከሦስት ሜትርም ከአምስት ሜትርም ይታያል። በዚያ ላይ ትልልቆቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ፎርኬ ስለሆኑ፣ ቁጥሩ አንዱን ከሌላው ለመለየት እምብዛም አይረዳም።

ታዲያ የጥቁሩ ልዩነት ከየት ይመጣል? ስክሪኑ ብርሃኑን ከሚያገኝበት መንገድ ነው። አብዛኞቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ኤልሲዲ ናቸው፤ ሥራቸው በፈሳሽ ክሪስታል ላይ የተመሠረተ ነው። ይህን እንግዳ ቁስ በ1888 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር ነበር። ፈሳሽ ክሪስታል ራሱ ብርሃን አያመነጭም። ተግባሩ የመጋረጃ ነው፤ ከኋላው የበራውን መብራት ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ምስሉ ጥቁር መሆን ባለበት ቦታ መጋረጃው ይዘጋል፤ ነገር ግን ፈጽሞ ስለማይገጥም ጥቂት ብርሃን ሾልኮ ይወጣል። ያ አመድማ ጥቁር እንግዲህ ሾልኮ የወጣው ብርሃን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎችን የሚያሳስት ስም አለ። «ኤልኢዲ ቴሌቪዥን» ተብሎ የሚሸጠው ዕቃ ኤልሲዲ ነው። የተለወጠው ከኋላ ያለው መብራት ብቻ ነው፤ ቀድሞ የፍሎረሰንት ቱቦ ነበር፣ አሁን ኤልኢዲ አምፖል ሆኗል። «ኪውኤልኢዲ»ም ያው ኤልሲዲ ሆኖ፣ ቀለሙን የሚያጠሩ ኳንተም ዶት የሚባሉ እጅግ ደቃቃ ቅንጣቶች የተጨመሩበት ነው። ቅንጣቶቹ ትልቅ የሳይንስ ውጤት መሆናቸው አያጠያይቅም፤ የ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት የተሰጠው ለእነሱ ግኝትና አሠራር ነው። ግን ቀለምን ያበለጽጋሉ እንጂ የሾለከውን ብርሃን አይመልሱም።

ኤልሲዲዎችም እርስ በርሳቸው አንድ አይደሉም። አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ኮንትራስቱ 1,000 ለ 1 አካባቢ ነው፤ በምትኩ ከጎን ሆኖ ለሚመለከት ሰው ቀለሙ አይበላሽም። ቪኤ የሚባለው ከ3,000 ለ 1 አልፎ አንዳንዴ እስከ 6,000 ለ 1 ይደርሳል፤ ከጎን ሲታይ ግን ይነጣል። ቤተሰብ በየማዕዘኑ ተበትኖ የሚያይበት ሰፊ ሳሎን ካለ የመጀመሪያውን ማሰብ ተገቢ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ማታ የሚያዩበት ክፍል ከሆነ ሁለተኛው ያለ ጥርጥር ይበልጣል።

የኤልሲዲ መሐንዲሶች የሾለከውን ብርሃን ለመግታት ያገኙት ዘዴ አለ። የኋላውን መብራት በብዙ ቀጠና ይከፋፍሉትና ምስሉ በጨለመበት ቀጠና መብራቱን ያደበዝዙታል ወይም ጭርሱን ያጠፉታል። ይህ ሎካል ዲሚንግ ይባላል። ሚኒ ኤልኢዲ የሚባሉት ቴሌቪዥኖች አምፖሎቻቸው በጣም ስላነሱ ቀጠናዎቹን በመቶዎች፣ በላቁት ሞዴሎች ደግሞ ከሺህ በላይ ያደርሷቸዋል። ውጤቱ እጅግ ያማረ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ፒክስሎቹ በሚሊዮን ሲቆጠሩ ቀጠናዎቹ በመቶና በሺህ ስለሚቆጠሩ አንድ ችግር ይቀራል። በጥቁር ሰማይ ላይ ጨረቃ ስትወጣ የጨረቃዋ ቀጠና ይበራል፣ ከቀጠናው የተረፈው ሰማይም አብሮ ይፈካል። በጨረቃዋ ዙሪያ አክሊል የመሰለ ጭጋግ ይታያል። ነጭ የትርጉም ጽሑፍ በጥቁር ላይ ሲወጣም እንዲሁ። ቀጠናዎቹ ብዙ ሲሆኑ አክሊሉ ይጠባል። መብራቱ ከስክሪኑ ጠርዝ ብቻ በሚመጣባቸው ቀጫጭን ቴሌቪዥኖች ላይ ግን ሎካል ዲሚንግ የሚል ቃል ቢጻፍም ብዙ ጥቅም አትጠብቁ።

ኦኤልኢዲ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ከኋላው መብራት የለም፤ እያንዳንዱ ፒክስል የራሱን ብርሃን ያመነጫል። ጥቁር ሲፈለግ ፒክስሉ ይጠፋል፣ አለቀ። መሠረቱን የጣሉት በአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ ናቸው፤ ሥራቸውን ያሳተሙት በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ኦኤልኢዲ ቴሌቪዥን በ2007 የወጣው የሶኒ ሞዴል ሲሆን መጠኑ 11 ኢንች ብቻ ነበር። በጨለማ ክፍል ውስጥ ኦኤልኢዲን ያየ ሰው ስለ ኮንትራስት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዋክብት በሞሉት ሰማይ ላይ እያንዳንዱ ኮከብ ለብቻው ይበራል፤ በመካከላቸው ያለው ጨለማ እውነተኛ ጨለማ ነው።

በዚያው ዓመት በ2007 ፓዮኒር የተባለው የጃፓን ኩባንያ «ኩሮ» የሚል ስም የሰጣቸውን የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች (ጋዝ የተሞሉ ጥቃቅን ክፍሎቻቸው ራሳቸው ብርሃን የሚያወጡ) አውጥቶ ነበር። ኩሮ በጃፓንኛ ጥቁር ማለት ነው። ሌሎች ስለ ድምቀትና ስለ ቅጥነት ሲፎካከሩ እነዚያ መሐንዲሶች ዕቃቸውን በጥቁር ስም መጥራታቸው ሁልጊዜ ይነካኛል። ኩባንያው ብዙም ሳይቆይ ከቴሌቪዥን ሥራ ወጣ፤ ቴሌቪዥኖቹ ግን ለዓመታት የጥቁር መለኪያ ሆነው ሲጠቀሱ ኖረዋል።

ኦኤልኢዲን ለሁሉም ሰው ልመክር አልችልም። የቆመ ምስል፣ ለምሳሌ የዜና ጣቢያ ዓርማ ወይም ከሥር የማይለወጥ ሰሌዳ፣ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ከታየበት ፒክስሎቹ እኩል ስለማያረጁ አሻራው ሊቀር ይችላል። ቀኑን ሙሉ አንድ ጣቢያ ተከፍቶ በሚውልበት ቤት ይህ በደንብ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ሌላው የቀን ብርሃን ነው። ጠፍቶ የቆመ ቴሌቪዥን በቀትር ስትመለከቱ የምታዩት ቀለም፣ በዚያ ክፍልና በዚያ ሰዓት ስክሪኑ ሊያሳይ ከሚችለው ጥቁር ሁሉ የመጨረሻው ነው፤ ስታበሩት ከዚያ በታች ሊጠቁር አይችልም። በመስኮት የገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ አርፎ ተመልሶ ዓይናችሁን ሲመታ በወረቀት ላይ ያለው ኮንትራስት ይፈርሳል። ስለዚህ በትልቅ መስኮት ትይዩ ለሚቀመጥና በአብዛኛው በቀን ለሚታይ ቴሌቪዥን፣ ነጸብራቅን የሚቀንስ መስታወት ያለው ደማቅ ሚኒ ኤልኢዲ ይሻላል ባይ ነኝ።

በካርቶኑ ላይ ስለሚጻፈው ቁጥርም ጥቂት ልበል። «1,000,000 ለ 1» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ በአብዛኛው ዳይናሚክ ኮንትራስት ነው። ነጩ የሚለካው መብራቱ በሙሉ ኃይል ሲበራ ነው፤ ጥቁሩ ደግሞ በሌላ ቅጽበት፣ መብራቱ ከደበዘዘ በኋላ። ሁለቱ በአንድ ምስል ውስጥ አብረው አይታዩም። ለዓይን የሚጠቅመው በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ምስል ላይ ያለው ኮንትራስት ነው፤ እሱን ደግሞ ካርቶኑ አይናገርም።

ኤችዲአር፣ ማለትም ከጥቁር እስከ ደማቅ ያለው የብርሃን ክልሉ የሰፋ ምስል፣ የሚለው ምልክትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የተለመደው የቴሌቪዥን ምስል ሲሰናዳ ከፍተኛው ድምቀቱ 100 ኒት እንዲሆን ታስቦ ነው፤ የኤችዲአር ፊልም ብዙ ጊዜ 1,000 ኒትና ከዚያም በላይ ይይዛል። በካርቶኑ ላይ ያለው ምልክት ግን ቴሌቪዥኑ ይህን ምስል መቀበል እንደሚችል ብቻ ያረጋግጣል፤ ማሳየት መቻሉ ሌላ ነገር ነው። ኮንትራስቱ ደካማ በሆነ ስክሪን ላይ የሚመጣ ኤችዲአር የጋን ውኃ በስኒ እንደመቀበል ነው።

ሱቅ ውስጥ እውነቱን ማየት ያስቸግራል፤ መብራቱ ያጥለቀልቃል፣ ቴሌቪዥኖቹም ለመታየት ሲሉ በመጨረሻ ድምቀታቸው ላይ ተደርገዋል። ቢሆንም ሻጩን በትሕትና ጠይቃችሁ የምስሉን ዓይነት «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» ወደሚለው አስቀይሩ። በፍላሽ የያዛችሁትን የሌሊት ትዕይንት ያለበት፣ ነጭ ጽሑፍ የሚወጣበት ቪዲዮ አስከፍቱ። እጃችሁን በዓይናችሁ ዙሪያ አድርጋችሁ የሱቁን ብርሃን ከልሉና ጥቁሩን ተመልከቱ፤ በጽሑፉ ዙሪያ ጭጋግ መኖሩን ለዩ፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዳችሁ እንደገና እዩ። ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ፤ ከዚህ ዕቃ ጋር ለዓመታት የምትኖሩት እናንተ ናችሁ።

ቤት ከገባ በኋላም በተሳሳተ ማስተካከያ ጥሩ ጥቁር ይበላሻል። በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ብራይትነስ የሚባለው ማስተካከያ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው የምስሉን ድምቀት ሳይሆን፣ የጥቁሩን ወለል ነው ከፍና ዝቅ የሚያደርገው፤ በሌሎች ግን የኋላውን መብራት ስለሚያዝዝ፣ የጥቁሩ ማስተካከያ ብላክ ሌቭል የሚል ስም ይሰጠዋል። ማታ መብራቱን አጥፉና ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው በጨለማ ቦታ የቆመበትን ትዕይንት ላይ ፊልሙን አቁሙት። ከምስሉ በላይና በታች ያለው ጥቁር መስመር አመድማ ከሆነ ማስተካከያውን ቀስ እያላችሁ አውርዱት። የኮቱ እጥፋትና የቁልፎቹ ቅርጽ መጥፋት ሲጀምር አንድ ደረጃ መልሱትና እዚያው ላይ ተዉት።