ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል

ይህን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ አለ ብዬ አላምንም። ልጅ ፈተና ሲወድቅ ይባላል። ሱቅ ከፍቶ ገበያ ለጠፋበት ይባላል። ቤት ጀምሮ መሠረቱ ላይ ሣር ለበቀለበት ጎረቤት ይባላል። ደሞዝ ይጨመርልኝ ላለ ሠራተኛም ይባላል፤ እኔ ራሴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተብዬዋለሁ። የተለመደው ፍቺው «ታገሥ፣ ሁሉም በጊዜው ይሆናል» ነው። እኔም የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ እስኪመጣ ድረስ ከዚህ ያለፈ ፍቺ ፈልጌለት አላውቅም።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። አምና በታኅሣሥ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጁን ይዞ አያታችንን ለማየት ኩታበር መጣ። ኩታበር ከደሴ ሩቅ አይደለም፤ ብርዱ ግን ከደሴም ይብሳል። ልጁ ቤዝቦል ይጫወታል። የቆዳ ጓንቱን እዚህ ድረስ ይዞት መጥቷል፣ ሲተኛም ከራስጌው አይለየውም። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ አባትየው አላስቻለውም።

«ክንዱ ልዩ ነው ብለውኛል አሠልጣኞቹ። በዚህ ዕድሜ እንደሱ የሚወረውር አላየንም ነው የሚሉት።»

አጎቴ ስለ ጨዋታው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። «በዱላ የሚመታው ነው አይደል? እንደኛ ገና ጨዋታ ማለት ነው?» አለ። ሲነገረው ደግሞ ወዲያው ዳኛ ሆነ፦ «ታዲያ ይኼ ልጅ አንድ ቀን በቴሌቪዥን ይታያል በለኛ!»

አያቴ ከማዕዘናቸው ሆነው፦ «አይ እናንተ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ። በእኛ ቤት ግማሹ መስጊድ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄደው፤ «አሚን»ም «አሜን»ም እኩል ተባለ። ተረቱ እንደ ምርቃት ተወሰደ። ልጁ ኮከብ መሆኑ ያለቀ ጉዳይ መሰለ።

አያቴ ግን መመረቃቸው አልነበረም። ይህ የገባኝ በማግሥቱ ነው።

ከዶሮዎቻቸው አንዷ ላባዋን ነፍታ ከጎጆዋ አልነሣ ካለች ሰንብታለች። ሊያስታቅፏት እንቁላል አከማችተዋል። ጠዋት ደጃፉ ላይ በርጩማቸውን አውጥተው፣ ቅርጫቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መምረጥ ጀመሩ። እያንዳንዱን እንቁላል በሦስት ጣት ይይዙና ወደ ፀሐይ ያነሡታል። በሌላው እጃቸው ጥላ ሠርተው በአንድ ዓይናቸው ያዩታል፣ ያዞሩታል፣ ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቅነቅ ያደርጉታል። የተሰነጠቀውን፣ ቅርፊቱ ሻካራ የሆነውን፣ ብዙ ቀን የቆየውን ለወጥ ይለዩታል። ከአሥራ አራቱ ሦስቱ ወጡ።

ከወጡት አንዱ ትልቁ ነበር። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ከሌሎቹ በአውራ ጣት የሚበልጥ። ልጁ ዓይኑን የጣለበት እሱ ላይ ነው። «ይሄ እኮ ምርጡ ነው!» አለ በተሰባበረ አማርኛው። አያቴ ሳቁ። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ ሁለት አስኳል እንደሆነና ሁለት አስኳል ደግሞ ጫጩት ሆኖ እንደማይወጣ ነገሩት። ልጁ ለመነ። አያት ናቸውና እሺ አሉት። በእርሳስ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈበትና እንቁላሉ ዶሮዋ ሥር ገባ።

ተረቱ የተወለደው እዚህ ነው፤ ጭድ በተጎዘጎዘበት አሮጌ ቅርጫት ውስጥ፣ እንቁላል መርጠው በሚያስታቅፉ ሴቶች እጅ ላይ። የዶሮ እንቁላል ለመፈልፈል 21 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ዶሮዋ በእነዚህ ቀናት ለጥሬና ለውኃ ካልሆነ አትነሣም፤ እንቁላሎቹን በመንቁሯ ታገላብጣለች፣ የዳሩን ወደ መሀል፣ የመሀሉን ወደ ዳር ታደርጋለች። ከውጭ ለሚያይ የሚለወጥ ነገር የለም። ያው እንቁላል ነው፤ ቅርጹ ያው፣ ቀለሙ ያው። «ቀስ በቀስ» የተባለው ይህ ነው። ዝም ብሎ የሚያልፍ ጊዜ ሳይሆን፣ አንድ ፍጡር የራሱን ሙቀት እየሰጠ የሚቀመጥበት ጊዜ። ዶሮ ያልታቀፈችው እንቁላል ላይም 21 ቀን ያልፋል፤ ይገማል እንጂ አይሄድም።

«በእግሩ» የምትለዋ ቃል ደግሞ ለእኔ የተረቱ ሁሉ ቁልፍ ናት። እንቁላል እኮ መሄዱን ይሄዳል። ከኩታበር ተነሥቶ በጭድ ተጠቅልሎ፣ በሴቶች ጀርባ፣ በአህያ፣ አሁን አሁን በባጃጅ ደሴ ገበያ ይደርሳል። ብዙ አገር ያያል። ግን በሰው እግር ነው። ተረቱ «እንቁላል ይሄዳል» ብሎ ቢያቆም ማንም ባልገረመው። «በእግሩ» ሲል ግን ተሸካሚውን ሁሉ አስቀረው።

ሌላም ተንኮል አለበት። በእግሩ መሄድ የጀመረው እንቁላል አይባልም፣ ጫጩት ነው። ተረቱ ግን የድሮ ስሙን አልተወለትም። እኛም ሰው ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው። አንዱ ከታወቀ በኋላ «እኔ ገና ልጅ ሳለ አውቄው ነበር» የማይል የሰፈር ሰው የለም። ጫጩቱን አይቶ እንቁላሉን አውቄ ነበር ማለት ቀላል ነው። የገማውን እንቁላል «አውቄው ነበር» የሚል ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ማታ ማታ የአክስቴ ልጅ እዚያ አገር ልጆች እንዴት እንደሚመለመሉ ያጫውተን ነበር። መልማዮቹ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ወጣት ተጫዋቾችን ያያሉ። ለእያንዳንዱ ችሎታ፣ ለመምታቱ፣ ለጉልበቱ፣ ለሩጫው፣ ለመያዙ፣ ለመወርወሩ፣ ከ20 እስከ 80 ነጥብ ይሰጣሉ፤ 50 ማለት የዋናው ሊግ መካከለኛ ተጫዋች ነው። የገረመኝ ነጥቡ ሁለት መሆኑ ነው፦ አንዱ ልጁ ዛሬ ያለበት፣ ሌላው ወደፊት ይደርስበታል ተብሎ የሚገመተው። አያቴ እንቁላሉን ወደ ፀሐይ ሲያነሡ የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ቅርፊቱን ያያሉ፣ ከቅርፊቱ በስተጀርባ ያለውን ይገምታሉ።

ግምቱ ስንት ጊዜ እንደሚስት ደግሞ የጨዋታው ታሪክ ራሱ ይናገራል። ክለቦቹ በየዓመቱ ወጣት ተጫዋቾችን በየተራ ይመርጣሉ። በ1991 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ያንኪስ የሚባለው ክለብ ብራየን ቴይለር የሚባል የ19 ዓመት ወርዋሪ በአንደኛ ምርጫው ወሰደ። በዚያ ዓመት ከተመረጡት ሁሉ የመጀመሪያው ነበር፤ ለፊርማው 1.55 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። በ1993 መጨረሻ ላይ ጠብ ውስጥ ገብቶ ትከሻው ተጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ክንዱ የበፊቱ አልሆነም። በዋናው ሊግ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። ትልቁ፣ ነጩ እንቁላል ማለት እሱ ነው።

በተቃራኒው ማይክ ፒያዛ አለ። በ1988 በሎስ አንጀለስ ዶጀርስ የተመረጠው በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ ነው። ያውም አባቱና የቡድኑ አሠልጣኝ ቶሚ ላሶርዳ ወዳጆች ስለነበሩ፣ ለውለታ ያህል። ለወጥ ከተለዩት ውስጥ ተመልሶ የገባ እንቁላል በሉት። ይህ ሰው 427 ሆም ረን፣ ማለትም ኳሷን ከአጥር ውጭ የሚጥል ምት፣ መትቶ በ2016 ስሙ ከጨዋታው ታላላቆች ጋር ተመዘገበ። የቬንዙዌላው ሆሴ አልቱቬ ደግሞ ማራካይ ከተማ ለሙከራ ቀርቦ በቁመቱ ማጠር የተነሣ አትመለስ ተባለ። በማግሥቱ ተመልሶ ሄደ። በ2007 ሂዩስተን አስትሮስ የሚባለው ክለብ በ15,000 ዶላር አስፈረመው፤ በ2017 ከዋናው ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ የሆነው የአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

ይህን ሲሰማ አጎቴ «አየህ! ቀስ በቀስ!» አለ። ተረቱ በስሕተት የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ፒያዛም አልቱቬም ቁጭ ብለው አልጠበቁም። እዚያ አገር የተመረጠ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ትልቁ ሜዳ አይወጣም፤ በየደረጃው ባሉ ዝቅተኛ ሊጎች፣ በአውቶቡስ ከትንሽ ከተማ ትንሽ ከተማ እየተመላለሰ ዓመታት ይቆያል። አብዛኛው እዚያው ይቀራል። መታቀፍ ማለት ይህ ነው፤ የሚያገላብጥ አሠልጣኝ፣ የሚሞቅ ቤት፣ የማይጎዳ ትከሻ ሁሉ ይጠይቃል። መልማዩ የሚያየው ግን ቅርፊቱን ብቻ ነው።

እኔ ራሴ በአሥራ አራት ዓመቴ ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ኮከብ ነበርኩ። ማጋነን አይደለም፤ ከእኩዮቼ በቁመት አንድ ራስ እበልጥ ስለነበር ኳስ ከላይ ስትመጣ ሌላ ሰው አይደርስባትም። «ይኼ ልጅ ለብሔራዊ ቡድን ነው» የሚሉ ሽማግሌዎች ነበሩ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሁሉም ቁመቴ ላይ ደረሰብኝ፣ እግሬ ላይ ግን ምንም ያልተማርኩት ነገር ቀረ። ቀደም ብዬ ማደጌን ነበር ተሰጥኦ ያሉት። ያኔ አጭር ነው ተብሎ ከዳር ይቀመጥ የነበረ ጎረቤቴ በኋላ ለክለብ ተጫውቷል። ቁመት ስለሌለው ኳስን በእግሩ መያዝ ግድ ሆኖበት ነበር።

በስምንተኛው ቀን አያቴ እንቁላሎቹን ደግመው ሊያዩ ተነሡ። ይህኛው እውነተኛው ፈተና ነው፤ ሳምንት ካለፈ በኋላ ሕይወት ያለው እንቁላል ውስጡ ቀይ ክር ይዘረጋል። ልጁ የስልኩን መብራት አብርቶ አመጣና ጨለማው ጓዳ ውስጥ ገባን። የመጀመሪያው እንቁላል ስልኩ ላይ ሲቀመጥ ብርቱካን መስሎ በራ፤ መሀሉ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ከነጥቡ እንደ ዛፍ ሥር የሚበተኑ ቀጫጭን ክሮች። ልጁ ትንፋሹን ያዘ። ነጥቧ ደግሞ ስትንቀሳቀስ አየናት።

አንድ በአንድ ስናይ አሥሩ ክር አላቸው። አንዱ ደመና ብቻ ሆነ፤ ወጣ። የልጁ ፊደል የተጻፈበት ትልቁ ሲበራ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ቢጫ ነበር። ምንም የለበትም። ልጁ ግን በዚያች ደቂቃ አባቱ ጠርቶት ደጅ ወጥቶ ነበር። አያቴ ወደ እኔ አዩ፣ እንቁላሉን ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ልጁ ሲመለስ «ሁሉም ደኅና ነው፣ ዶሮዋን አናስቸግራት» ብለው መብራቱን አስጠፉት።

ጫጩቶቹ ሳይወጡ አባትና ልጅ ተመለሱ። ከወር በኋላ ስልክ ሲደውሉ እኔም እዚያው ነበርኩ። ስምንት ተፈልፍለው፣ ሁለቱን ጭላት ወስዷቸው፣ ስድስቱ ግቢው ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ልጁ ከሰላምታ በፊት የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

«እማማ፣ የኔው እንቁላልስ?»

«ያንተማ!» አሉ አያቴ፤ «ከሁሉም ቀድሞ በእግሩ የሄደው እሱ አይደል?» ስልኩን በትከሻቸው ደግፈው ጭላት የወሰዳቸውን ሁለቱን ይነግሩት ጀመር፤ አንተ ብትኖር በድንጋይ ትጥልልኝ ነበር እያሉ። ዓይናቸው እኔ ላይ ሲያርፍ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።