በክላውድ ላይ የተጋለጠ የምስጠራ ቁልፍ እንዴት ይተካል?

በክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚከራይ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ላይ፣ የተቀመጠን መረጃ የሚቆልፈው የምስጠራ ቁልፍ በማይመለከተው ሰው እጅ ሲገባ፣ ወይም ገብቷል ተብሎ ሲጠረጠር፣ ይተካል። አዲስ ቁልፍ ይወጣል፣ መረጃው በአዲሱ እንደገና ይመሰጠራል፣ አሮጌው ከሥራ ይወጣል። ይህ ሥራ ባለሙያዎች «ሮቴሽን» ከሚሉት ከተለመደው የቁልፍ ቅያሪ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል። ሮቴሽን ግን ምንም ሳይፈጠር፣ ቀኑ ስለደረሰ ብቻ የሚደረግ ነው። ቁልፉ ተጋልጦ ሳለ ሮቴሽን ብቻ አድርጎ እፎይ ያለ ሰው ዋናውን ሥራ ገና አልጀመረም።

የምስጠራ ሊቁ ኦጉስት ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እንደጻፈው፣ የምስጠራው ዘዴ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ችግር መፍጠር የለበትም። ዛሬ ክላውድ ላይ በብዛት የሚሠራበት ኤኢኤስ የተባለው የምስጠራ ዘዴ በ2001 የአሜሪካ መንግሥት ደረጃ ሆኖ ሲጸድቅ አሠራሩ በይፋ ታትሟል። ማንም ያነበዋል። ምስጢሩ ቁልፉ ብቻ ነው። አማዞን ኤስ3 የተባለውን ማከማቻ በ2006፣ ኬኤምኤስ የተባለውን የቁልፍ አስተዳደር አገልግሎት በ2014 አወጣ። ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ኤስ3 ላይ የሚጫን አዲስ ፋይል ሁሉ ሳይጠየቅ ይመሰጠራል።

ሁለት ቁልፎች

ክላውድ ላይ «ቁልፉ» ሲባል ቢያንስ ሁለት ቁልፎች አሉ። ፋይል ሲገባ የዳታ ቁልፍ ይፈጠርለታል። መጠኑ 256 ቢት፣ ማለትም 32 ባይት ነው። ፋይሉ በእሱ ይመሰጠራል። ከዚያ የዳታ ቁልፉ ራሱ በሁለተኛው፣ ዋናው ቁልፍ በሚባለው፣ ይመሰጠርና ከፋይሉ ጎን ይቀመጣል። ዋናው ቁልፍ ከቤቱ አይወጣም። የሚኖረው ኤችኤስኤም በሚባል፣ ቁልፉ እንዳይወጣ ተደርጎ በተሠራ መሣሪያ ውስጥ ነው። አሠራሩ ኤንቨሎፕ ምስጠራ ይባላል፤ የዳታ ቁልፉ ፖስታ ውስጥ እንደገባ ደብዳቤ ታሽጎ ስለሚቀመጥ።

ዋናውን ቁልፍ መቀየር ቀላል የሆነውም ለዚህ ነው። ፋይሉ 1 ቴራባይት ቢሆን እንኳ ፖስታው ተከፍቶ እንደገና የሚታሸገው ለ32 ባይት ብቻ ነው። ኬኤምኤስ ይህን በአንድ ትእዛዝ ይሠራዋል፤ የዳታ ቁልፉም ከአገልግሎቱ ውጭ ለቅጽበት እንኳ ሳይታይ። የሚያምር ሥራ ነው። ወጥመዱም እዚሁ ጋ ነው። የዳታ ቁልፉ ራሱ ከተሰረቀ ፖስታ መቀየር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሌባው ደብዳቤውን አንብቦታል።

የኬኤምኤስ አውቶማቲክ ሮቴሽን ካልቀየሩት በዓመት አንድ ጊዜ ይካሄዳል፤ ከ2024 ወዲህ ከ90 እስከ 2560 ቀን መምረጥ ይቻላል። አሮጌው ቁልፍ ግን አይጠፋም፣ የድሮውን መረጃ ለመክፈት ይቀመጣል። የድሮው መረጃም እንደገና አይመሰጠርም። አማዞን ራሱ በመመሪያው፣ ሮቴሽን የተጋለጠ የዳታ ቁልፍ ያስከተለውን ችግር እንደማይፈታ በግልጽ ጽፏል። የጉግል አገልግሎትም በዚህ አይለይም።

ምን ተጋለጠ?

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ወጣ የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚያፈተልከው ዋናው ቁልፍ አይደለም። ዋናውን ቁልፍ የማዘዝ ፈቃድ ነው፤ ለምሳሌ ኮድ ውስጥ ተረስቶ የቀረ የመግቢያ ምስጢር። ያኔ መጀመሪያ ፈቃዱ ይሰረዛል፣ ከዚያ ሎጉ፣ ማለትም የአጠቃቀም መዝገቡ፣ ይነበባል፦ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ፖስታ አስከፈተ? የተከፈቱት የዳታ ቁልፎች ሁሉ እንደተሰረቁ ይቆጠራሉ፤ በእነሱ የተመሰጠሩት ፋይሎችም በአዲስ የዳታ ቁልፍ ከባዶ ይመሰጠራሉ። ዋናው ቁልፍ ድርጅቱ ራሱ አምርቶ ያስገባው ከሆነና ቅጂው ውጭ ከወጣ ግን፣ በሥሩ ያለው ሁሉ ይጠረጠራል።

አድካሚው ክፍል ቅጂዎችን ማደን ነው። ኤስ3 ላይ ፋይሉን በራሱ ላይ በአዲስ ቁልፍ መገልበጥ ይቻላል። የፋይሉን የቀድሞ ቅጂዎች የሚያስቀምጠው ቨርዥኒንግ ከተከፈተ ግን የድሮው ቅጂ በድሮው ቁልፍ እንደተቆለፈ ሥር ይቀመጣል። ስክሪኑ ላይ ሁሉም አዲስ ይመስላል፣ ከሥሩ ግን አሮጌው አለ። የአማዞን ዳታቤዝ አገልግሎት ደግሞ ቁልፍን በቦታው መቀየር አይፈቅድም። ስናፕሾት፣ ማለትም የዳታቤዙ የቅጽበት ቅጂ፣ ይወሰዳል፣ በአዲስ ቁልፍ ይገለበጣል፣ ከዚያ አዲስ ዳታቤዝ ይነሳል። እንዳይነካ በጊዜ የተቆለፈ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ካለም ጊዜው እስኪያልፍ አይሰረዝም። ይህን ሁሉ ሌሊት ቁጭ ብለው የሚጨርሱ ሰዎች ስማቸው አይነሳም፤ ሥራቸው የሚታወቀው ጠዋት ምንም ሳይበላሽ ሲገኝ ነው።

በደንብ የሚታወቀው ምሳሌ የሰዎችን ፓስወርድ የሚያስቀምጠው ድርጅት የላስትፓስ ነው። በ2022 አጥቂዎች የአንድ መሐንዲስን የቤት ኮምፒውተር ጠልፈው የክላውድ ባክአፑን ቁልፎች አገኙ፣ የደንበኞችን የፓስወርድ ካዝና ቅጂም ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱ የፈለገውን ቁልፍ ቢቀይር የተወሰደው ቅጂ ላይ ምንም አይለወጥም። የቀረው መንገድ ካዝናው ውስጥ ያሉትን ፓስወርዶች መቀየር ነበር። በ2023 መሰረቁ የታወቀው የማይክሮሶፍት ቁልፍ ግን የፊርማ ቁልፍ፣ ማለትም መረጃን የሚቆልፍ ሳይሆን እውነተኛነትን የሚያረጋግጥ፣ ነውና ጉዳዩ ይለያል። የፊርማ ቁልፍ ሲሻር በእሱ የተፈረመውን መቀበል ይቀራል። የምስጠራ ቁልፍ ግን ቢሻርም የተወሰደውን ቅጂ መክፈቱን አይተውም።

በስንት ጊዜ ይቀየር የሚለው ያከራክራል። የአሜሪካው ደረጃ አውጪ ኒስት ለቁልፎች የአገልግሎት ዘመን እንዲወሰን ይመክራል። ቁልፉ ከኤችኤስኤም የማይወጣ ከሆነ በየዓመቱ መቀየሩ ብዙም አይጠቅምም የሚሉም አሉ፤ ምናልባት እውነት አላቸው። ቁልፉ ሲጋለጥ ግን ክርክር የለም፣ ይተካል። ተመራማሪዎች በ2013 አገልጋዩ መረጃውን ሳያይ ቁልፉን የሚቀይርበት ዘዴ አቅርበዋል፤ የክላውድ ድርጅቶች የየዕለት አሠራር ግን አሁንም ኤንቨሎፕ ነው።

አሮጌውን ማሰናበት

ኬኤምኤስ ቁልፍን ወዲያው አይሰርዝም፤ ከ7 እስከ 30 ቀን ያስጠብቃል። ምክንያቱም ቁልፉ ከጠፋ በእሱ የተቆለፈውን እንኳን ሌባ ባለቤቱም አይከፍተውም። ልምድ ያለው ሰው ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፉን ያግደዋል፣ ሎጉ ላይም ዓይኑን ይጥላል። አንድ ሳምንት ጸጥ ይላል። ከዚያ በወሩ የመጨረሻ ቀን፣ ማንም የማያስታውሰው የሪፖርት ፕሮግራም ከእንቅልፉ ተነስቶ የታገደውን ቁልፍ ያንኳኳል። ስረዛው ይቆማል፣ ፋይሎቹም ይፈለጋሉ።