«ጥቁር ሰንበርድ አገኘሁ» ለሚሉ ፎቶ አንሺዎች

በአዲስ አበባ ዙሪያ ወፍ ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች ደጋግመው ከሚያቀርቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ «ይህ ጥቁር ወፍ በመለያ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ አዲስ ዝርያ ይሆን?» የሚል ነው። አይደለም። ወፉ ብዙውን ጊዜ ሰንበርድ ከሚባሉት የአበባ ማር ቀሳሚ ትናንሽ ወፎች አንዱ፣ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመው የተከዜ ሰንበርድ ወንዱ ነው፤ ያጠቆረውም የፎቶው አነሣሥ ነው።

የስህተቱ ሥር ማንኛውም የላባ ቀለም ላባው ውስጥ የተነከረ ነው ብሎ ማሰብ ነው። በዚህ ወፍ ደረትና ጀርባ ላይ የምናየው ሐምራዊ ግን ሐምራዊ ማቅለሚያ የለበትም፤ ላባው ውስጥ በተደራረቡ የሜላኒን (የጥቁር ማቅለሚያ) ቅንጣቶች ላይ ያረፈው ብርሃን ከየንብርብሩ ተመልሶ እርስ በርሱ ሲገናኝ፣ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ናፍጣ የሚፈጥረው ቀለም ነው። ወፉ ትንሽ ዞር ካለ ሐምራዊው ይጠፋል፤ ነሐስ የሚመስለው ጭንቅላቱም ይጠቁራል። አንድ ወጣት እንጦጦ ላይ ያነሣቸውን ሁለት ፎቶዎች አምጥቶ ሁለት ዝርያ ናቸው ብሎ አጥብቆ ተከራክሮኛል። ፎቶዎቹ የተነሡት በሰከንዶች ልዩነት፣ በአንድ የእሬት ዘንግ ላይ ነበር፤ በሁለቱም ላይ ከመካከለኞቹ ረጃጅም የጅራት ላባዎች የግራው ጫፍ ተቆርጧል። ይህን እያየ እንኳ ለማመን ጊዜ ወስዶበታል።

ስለዚህ ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት የምንቃሩን ርዝመትና ቁልምምታ፣ የጅራቱን ቅርጽ፣ የፊቱን መስመሮች ተመልከቱ። ስታነሡ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሁን፤ ጠዋት አበባው አጠገብ ቆማችሁ ወፉ የሚያርፍበትን ዘንግ አስቀድማችሁ አነጣጥሩ፤ የካሜራውን መዝጊያ (ሻተር) ፍጥነት ከ1/1600 ሰከንድ አታውርዱ፤ ወፉ ሲዞርም ተከታታይ ፎቶዎችን አንሡ። ጥቁሩ ላባ ካሜራውን አታልሎ ፎቶውን ከመጠን በላይ ስለሚያበራው ብርሃኑን በጥቂቱ ቀንሱ። በጥላ የጠቆረን ወፍ በኮምፒውተር አቅልሞ «ሐምራዊ ነበር» ማለት ግን ማስረጃ አይሆንም።

«ሀሚንግበርድ አነሣሁ» የሚሉም አሉ። አየር ላይ እያንዣበበ አበባ የሚቀስመው ትንሹ ወፍ ሀሚንግበርድ በተፈጥሮ የሚኖረው በአሜሪካ አህጉራት ብቻ ነው፤ የእኛዎቹ ሰንበርዶች ሌላ ቤተሰብ ናቸው፣ የአበባ ማርም በአብዛኛው የሚቀስሙት ዘንጉ ላይ አርፈው ነው።



ቡናማዋን ወፍ ሁሉ «ጫጩት ናት» ብሎ ፎቶዋን መሰረዝም ልማድ ሆኗል። የብዙዎቹ ሰንበርዶች ሴቶች እንዲህ ናቸው፤ በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው ቢውቲፉል ሰንበርድ ወንዱ ራሱ ከመራቢያ ወቅቱ ውጭ ደማቁን ላባ ጥሎ ሴቷን ይመስላል። የሆድ ቀለምም ብቻውን ዝርያ አይለይም፦ ቫሪያብል ሰንበርድ በመካከለኛውና በምዕራብ ኢትዮጵያ ሆዱ ቢጫ ሲሆን፣ በደቡብና በምሥራቅ ነጭ የሆነ ንዑስ ዝርያ አለው። ፎቶው የት እንደተነሣ ሳይነግሩኝ «ምንድን ነው?» ለሚሉኝ መልስ የማልሰጠውም ለዚህ ነው።