ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ፣ ርቀቱና የበረራው ሰዓት

ከቦሌ ኤርፖርት እስከ ዋሽንግተን ደለስ ያለው ርቀት በአጭሩ የአየር መስመር ሲለካ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው፣ በማይል 7,180 አካባቢ። ደለስ ቴክሳስ ካለው ዳላስ ጋር አይገናኝም፣ ቲኬት ስትቆርጡ ልብ በሉ፣ ይሄኛው ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ በ1962 ተከፈተ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። መሬት ድቡልቡል ስለሆነች አጭሩ መስመር ካርታ ላይ እንደሚመስለን ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ወደ ሰሜን ይጎብጥና መሀሉ ፖርቱጋል ላይ ያርፋል። አውሮፕላኑ ግን ሁሌ በዛ መስመር አይበርም፣ በተለይ በ2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ዞሮ መሄድ ግድ ሆኗል።

ሰው ሁሌ የሚጠይቀው ሲሄድ ለምን መሀል ላይ ይቆማል፣ ሲመለስ ለምን አይቆምም የሚለውን ነው። አውሮፕላኑ አቅም አንሶት ነው የሚሉ አሉ፣ ስህተት ነው። ቦሌ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክበት ስስ አየር ለክንፉም ለሞተሩም ያው ስስ ነው፣ ስለዚህ ሰው፣ ሻንጣና ሙሉ ነዳጅ አንድ ላይ ጭኖ መነሳት አይቻልም። ነዳጁ ይቀነስና መንገድ ላይ ይሞላል፣ ድሮ ሮም፣ በኋላ ደብሊን፣ ሎሜ በኩል የሚሄድም አለ። ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳን ከፍታ የለውም፣ እንደልብ ይሞላል፣ ከዛ ላይ አትላንቲክን ሲያቋርጥ ከምዕራብ የሚነፍሰው ኃይለኛ ንፋስ ከኋላ ይገፋዋል። ለዚህ ነው መምጫው ያለማቋረጥ 13 ሰዓት ገደማ የሆነው፣ መሄጃው ከነማረፊያው 16፣ 17 ሰዓት ይደርሳል።

አየር መንገዳችን ወደ ዋሽንግተን መብረር የጀመረው በ1998 ነው። የመስመሩ ወርቃማ ጊዜ ግን ከ2010 ወዲህ ያለው ነው። በዛ ዓመት ኅዳር ላይ የመጀመሪያው ቦይንግ 777-200ኤልአር ገባ፣ ለረጅም መንገድ ተብሎ የተሰራ ነው፣ ርክክቡ ሲያልቅ በዋሽንግተን አድርጎ በቀጥታ አዲስ አበባ መጣ። በ2011 ደግሞ ስታር አላያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ተገባ፣ ደለስ የኅብረቱ አባል የሆነው የአሜሪካው አየር መንገድ የዩናይትድ ትልቅ ጣቢያ ስለሆነ ከዛ ወደ ሌላ ስቴት መቀጠል ቀለለ። ነሐሴ 2012 ላይ ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ገባ፣ በአፍሪካ የመጀመሪያው፣ እሱም ደለስ ጎራ ብሎ ነው የመጣው፣ ስሙም አፍሪካ ዋን ተባለ፣ ሲያንሰው ነው። ኤርባስ ኤ350 በ2016 ገባ፣ ያም ከአፍሪካ ቀዳሚ ነው።

የሰዓት ልዩነቱ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ነው። እዛ ያለ ሀበሻ ግን 7ም 8ም አይደምርም፣ በበጋቸው የዲሲን ሰዓት አይቶ 1 ይጨምራል፣ በክረምታቸው 2፣ የሚያገኘው ቀጥታ የሀበሻ ሰዓት ነው። እዛ ጠዋት 8 ከሆነ እናቱ ጋ በበጋቸው ከቀኑ 9፣ በክረምታቸው 10 ሰዓት ማለት ነው።