ኮር ኦፍ ድራምስ ምንድን ነው?

የእንግሊዝ ወታደሮች ረጅም ጥቁር የጸጉር ቆብ አድርገው ከበሮ እየመቱ ሲያልፉ ቪዲዮ ላይ ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ "ማርሽ ባንድ ነው" ብሎ ያልፋል፣ ግን ሁሌ ማርሽ ባንድ አይደለም። የማርሽ ባንድ አባል ዋና ሥራው ሙዚቃ ነው። የኮር ኦፍ ድራምስ፣ ማለትም የአንድ ሻለቃ የከበሮና የፍሉት ቡድን፣ አባላት ግን የሻለቃው የራሱ ወታደሮች ናቸው፣ መጀመሪያ እንደማንኛውም ወታደር ሠልጥነው ከዛ ነው ከበሮ የሚይዙት፣ እንዲያውም በአንዳንድ ሻለቃ መትረየስ ላይ የሚመደቡት እነሱ ናቸው።

ነገሩ የመጣው ከጦር ሜዳ ነው። ድሮ በባሩድ ጭስና በተኩስ መሀል የአዛዥ ድምፅ ስለማይሰማ ወደፊት ሂድ፣ ተመለስ፣ ተኩስ አቁም የሚባለው ሁሉ በከበሮ ነበር፣ የጦር ሰፈር ውስጥም መነሻው፣ ምግቡ፣ ማታ መግቢያው በከበሮ ነው፣ በቃ እኛ ጋ አዋጅ ሲነገር ነጋሪት እንደሚጎሰመው ማለት ነው። አሁን ሬዲዮ አለ፣ ከበሮው ግን ክብሩን አላጣም፤ ክፍለ ጦሩ የተዋጋባቸው ቦታዎች ስም በቀለም ይጻፍበታል፣ ሜዳ ላይ ጸሎት ሲኖር ደግሞ ከበሮዎቹ ተደራርበው ባንዲራ ይለብሱና መሠዊያ ይሆናሉ። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው።

ከሁሉም የሚገርሙኝ ግን የትርፍ ጊዜዎቹ ናቸው። ለምሳሌ ለንደን ውስጥ ኦነረብል አርቲለሪ ካምፓኒ የሚባል ክፍለ ጦር አለ፣ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ እ.ኤ.አ. በ1537 ቻርተር (የንጉሥ የፈቃድ ሰነድ) የሰጠው፣ አሁን የተጠባባቂው ጦር (አርሚ ሪዘርቭ) አካል ነው፣ የራሱ ኮር ኦፍ ድራምስም አለው። ሪዘርቭ ማለት ቀን የራስህን ሥራ ትሠራለህ፣ በሳምንት አንድ ማታና አንዳንድ ቅዳሜና እሁድ ትሠለጥናለህ፣ በዓመት ደግሞ ሁለት ሳምንት ገደማ ካምፕ ትገባለህ። እነዚህ ሰዎች በጎ ፈቃደኛ ይባላሉ፣ በነፃ ማለት ግን እንዳይመስላችሁ፣ ለሠለጠኑበት ቀን ይከፈላቸዋል፣ ማንም አስገድዶ አልመለመላቸውም ለማለት ነው። ከዚሁ ክፍለ ጦር ኢራቅና አፍጋኒስታን የዘመቱ አሉ፣ ስለዚህ ለሰልፍ ብቻ የተሰበሰቡ ሰዎች አይደሉም። ደክሞህ ከሥራ ወጥተህ ዜማውን በቃልህ ይዘህ፣ እርምጃህን ሳትስት፣ መስመርህን ሳታዛንፍ መምታት ቀላል ነገር አይደለም፣ ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ቪዲዮ ላይ ለመለየት መሣሪያውን እዩ። ትንንሽ ፍሉት፣ የጎን ከበሮ፣ ትልቁ ባስ ድራም፣ ሲምባልና ቢዩግል (ትንሽ የወታደር ጥሩምባ) ብቻ ካለ፣ ፊት ፊት ደግሞ ረጅም ዘንግ የያዘ ድራም ሜጀር ከመራ ኮር ኦፍ ድራምስ ነው። ሳክስፎንና ክላርኔት ካያችሁ ባንድ ነው፣ ባግፓይፕ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የስኮትላንድ ወይ የአየርላንድ ክፍለ ጦር ነው።