ስግድ፦ ከተራራ ላይ ወደ ኢየሩሳሌም

ስግድ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች በዓል ነው። ስሙ ለአማርኛ ተናጋሪ ፍቺ አያሻውም። ሰገደ ከሚለው የግዕዝ ግስ የመጣ ነው። ምሕላም ይባላል።

የሚውለው ከዮም ኪፑር፣ ማለትም ከአይሁድ የስርየት ቀን በኋላ 50 ቀን ተቆጥሮ፣ በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ነው። ብዙውን ጊዜ ኅዳር ላይ ይገጥማል። መሠረቱ በመጽሐፈ ነህምያ ያለው ታሪክ ነው። ከባቢሎን ምርኮ የተመለሰው ሕዝብ ተሰብስቦ ጾመ፣ ኃጢአቱን ተናዘዘ፣ ቃል ኪዳኑን አደሰ። ስግድም ይህንኑ ያድሳል።

አገር ቤት ሳሉ በዓሉ የሚከበረው ተራራ ላይ ነበር። ጎንደር አጠገብ ያለችው አምቦበር በዚህ ትታወቃለች። ሰዉ ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ በባዶ ሆዱ ሽቅብ ይወጣል። አንዳንዱ ድንጋይ ይሸከማል፤ በፈጣሪ ፊት ራስን ዝቅ የማድረግ ምልክት ነው። ቄሶቹ በባለቀለም ጃንጥላ ሥር ኦሪቱን ይዘው ይቆማሉ። ይህ ኦሪት የሚጠቀለል አይደለም። በግዕዝ በብራና የተጻፈ፣ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ነው። ቄሱ ያነባል፣ ከዚያ ሰዉ በሚሰማው ቋንቋ ይተረጎማል። ሕዝቡ ይሰግዳል፣ ወደ ኢየሩሳሌም ይመልሰን ብሎ ይለምናል። ከሰዓት በኋላ በዝማሬ ወርደው ጾሙን በዳቦ ይፈታሉ፤ እስክስታው ይቀልጣል። ለቅሶና ደስታን በአንድ ቀን እንዲህ የሚያስተናግድ በዓል ብዙ የለም።

ዛሬ አብዛኛው ቤተ እስራኤል እስራኤል ነው የሚኖረው። በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ብቻ፣ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ተጓጉዟል። ክኔሴት፣ የእስራኤል ምክር ቤት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አደረገው። ትልቁ ሥነ ሥርዓት የኢየሩሳሌምን አሮጌ ከተማ ቁልቁል በሚያሳየው አርሞን ሃናጺቭ ይከናወናል።

ኢየሩሳሌም ከገቡ ታዲያ ምን ይለምናሉ? ቤተ መቅደሱ እንደገና እንዲታነጽ ይጸልያሉ። ደግሞም ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ለመሄድ ጎንደርና አዲስ አበባ ሆነው ዓመታት የጠበቁ ዘመዶች አሏቸው። ቄሶቹ ዛሬም በግዕዝ ይጸልያሉ፤ እስራኤል የተወለዱት ልጆች ግን አፋቸውን የፈቱት በዕብራይስጥ ነው። እነሱም ነጭ ለብሰው ከአያቶቻቸው ጎን ይቆማሉ።